«ተጽፏል»፦ የሐሰት ክስና ጉልበተኛ ዳኛ ያለበትን የችሎት ትዕይንት ለመጻፍ

ለሬዲዮም ለመድረክም ድራማ የሚጽፉ ወጣቶች ጽሑፋቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። የችሎት ትዕይንት ካለበት ገና ሳልገልጠው ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ዳኛው ጠረጴዛውን በመዶሻ ይመታል። በአንድ በኩል 12 ሰዎች ተደርድረው ጥፋተኛ ነው አይደለም ይላሉ። ጠበቃው መካከል ላይ እየተንጎራደደ ንግግር ያደርጋል። ተከሳሹ ያለቅሳል። በመጨረሻ አንድ ያልታሰበ ምስክር በሩን በርግዶ ይገባና ዳኛው አንገቱን ይደፋል።

ይህ ሁሉ ከአሜሪካ ፊልም የተቀዳ ነው። እኔ 14 ዓመት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ መዶሻ የያዘ ዳኛ አላየሁም። ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ 12 ሰዎችም በአገራችን የሉም፤ ማስረጃውን የሚመዝነውም፣ ሕጉን የሚተረጉመውም፣ ቅጣቱን የሚወስነውም ዳኛው ነው። ይህን የምለው ለሥርዓት ተጨንቄ አይደለም። መዶሻው ደራሲውን ስለሚያሰንፈው ነው። ዳኛው ጮኸ፣ መታ፣ አለቀ። ሥልጣኑን ያለአግባብ የሚጠቀም ሰው ግን የሚጮኸው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ሥራ የሚሠሩለት ቀጠሮው፣ ቃለ ጉባኤውና ማኅተሙ ናቸው። እናንተም እነዚህን መጻፍ መቻል አለባችሁ።

እኔም አንድ ጊዜ ተከስሻለሁ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ መዝገብ ጠፋና «መጨረሻ ላይ ፈርማ የወሰደችው እርሷ ናት» ተባለ። እውነት ነው፤ ፈርሜ ወስጃለሁ። መልሼ ያስረከብኩበት ደብተር ግን ከመዝገቡ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ሦስት ሰዎች የተሰየሙበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ንጹሕ ሰው ሲከሰስ ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ያወራል። ዝም ማለት በነበረብኝ ቦታ ሁሉ አወራሁ። በዕለቱ የለበስኩትን ሹራብ፣ ምሳዬን ከማን ጋር እንደበላሁ፣ ሽሮው ጨው በዝቶበት እንደነበር ሳይቀር ነገርኳቸው። በኋላ ቃለ ጉባኤውን ሳነበው «ተጠያቂዋ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ነገር በማብዛት ኮሚቴውን ለማሳሳት ሞክራለች» ይላል። ሽሮው ማስረጃ ሆነብኝ።

ስለዚህ ንጹሑን ተከሳሽ በተዋበ አማርኛ አታናግሩት። ይዘባርቅ። ቀን ይሳሳት። ቦርሳውን ዘርግፎ የማይረባ ደረሰኝ ይፈልግ። የተዘጋጀ መልስ ያለው ከሳሹ ነው፤ እርሱ ሲለማመድ ሰንብቶ መጥቷል።

ከትዕይንቱ በፊት ክሱን ጻፉ

ክሱን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ መድረክ ላይ ባይነበብም ጻፉት። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ፣ የትኛውን ሕግ ተላለፈ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በክስ ላይ ጊዜና ቦታ እንዲጠቀስ የሚያዘው ተከሳሹ የሚከላከለውን ነገር እንዲያውቅ ነው። የሐሰት ክስም ብዙ ጊዜ የሚላላው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ስለሆነ ለደራሲ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከራሴ ሥራ ምሳሌ ላምጣ። ታሪኩ በደርግ ዘመን፣ ስኳር በካርድ በሚታደልበት የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጯን አስካለ ብያታለሁ። ክሱ «ጥር 7 ቀን 2 ኩንታል ስኳር በመደበቅና ለነጋዴ አሳልፎ በመሸጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽማለች» ይላል። ቃሉን ልብ በሉት። ሌባ ብትባል ኖሮ የሚጠበቅባት ስኳሩን መመለስ ነበር፤ አሻጥረኛ ስትባል ግን የአብዮቱ ጠላት ሆነች። የክሱን ቃል ስትመርጡ በዘመኑ የሚያስፈራውን ቃል ፈልጉ፤ የዛሬውን ቃል ወስዳችሁ በትናንት ሰው አፍ አታድርጉ።

የክሱ ቀዳዳ ቀኑ ላይ ነው። ስኳሩ ሱቁ የደረሰው ጥር 9 ቀን ነው፤ የመረከቢያው ሰነድ ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያው ረቂቄ ይህን ሰነድ ደብቄ መጨረሻ ላይ አውጥቼው ነበር። አነበብኩትና ቀደድኩት። ተመልካቹ ቀኑን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማወቅ አለበት። ያኔ «እውነቱ ምን ይሆን?» ብሎ አይጠብቅም፤ «ይህን እያዩ እንዴት ሊያልፉት ነው?» ብሎ ወንበሩን ይጨብጣል።

ክሱ ውስጥ አንድ እውነት አስገቡ። አስካለ 2 ኩንታል አልደበቀችም፤ ሆኖም ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ለለቅሶ ቤቱ 1 ኪሎ ስኳር ያለ ካርድ ሰጥታለች። ምስክር ሆና የምትቀርበው ያችው ስኳሩን የተቀበለች ሐዘንተኛ ናት። «ያለ ካርድ ስኳር ሰጥታሽ ታውቃለች ወይስ አታውቅም?» ይሏታል። «ሰጥታኛለች» ትላለች፤ መዋሸት አትችልም፤ እንዲያውም ውለታዋን ለመናገር የመጣች መስሏታል። ከ1 ኪሎ ወደ 2 ኩንታል የተሻገሩት በዚች ቃል ላይ ተረማምደው ነው። ሕዝቡ «መሠረት የሌለው ክስ» ይላል እንጂ በደንብ የተሠራ የሐሰት ክስ ትንሽ መሠረት አያጣም፤ መሠረቱ የአንዲት ጎጆ ሆኖ ሳለ ፎቅ ያቆሙበታል።

ቀጥሎ የሚጠቀመውን ሰው ፈልጉ፤ ጥቅሙንም አሳንሱት። አስካለ የቀረበችበት የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ የሚያሳድዳት ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚስቱ ወንድም ሥራ ፈትቷል፤ የሱቁ ቦታ ክፍት መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ ከመጽሐፈ ነገሥት ከናቡቴ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነው። ሰው የሞተው ጎመን ለሚተከልበት መሬት ነው ማለት ይቻላል። አሠራሩንም ተመልከቱ። ኤልዛቤል ደብዳቤ የጻፈችው በራሷ ስም አይደለም፤ በንጉሡ ስም ጽፋ በንጉሡ ማኅተም አተመችው። ጾም ታወጀ። ናቡቴ በሕዝቡ ፊት በክብር ተቀመጠ። ሁለት ምናምንቴ ሰዎች «እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል» ብለው መሰከሩ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ይላል ሕጉ፤ ሁለት ምስክር ቀረበ። ከሥርዓቱ የጎደለ የለም፤ ከከተማ አውጥተው በድንጋይ ወገሩት። የችሎት ትዕይንታችሁን ስትጨርሱ «ናቡቴን የገደለው ሥርዓት በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ምኑ ነው? ጾሙ የትኛው ነው? ማኅተሙስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ችሎቱ የማን ዘመን ነው?

ዘመኑን ሳትመርጡ አንድ መስመር አትጻፉ፤ ጉልበት በየዘመኑ ሌላ መሣሪያ ይይዛልና።

በድሮው ችሎት ላይ ከጻፋችሁ ሀብታም ናችሁ። «በላ ልበልሃ» ተባብለው ነጠላቸውን እያጣፉ በስንኝ የሚሟገቱ ባላንጣዎች አሉ፤ አንደበተ ርቱዕ ሐሰተኛ ኮልታፋ እውነተኛን ሲረታ ማሳየት ትችላላችሁ። «ወርድ» አለ፤ ከሳሹ በፈረስ ወይም በማር ወርድ ሲገባ ድሃው ተከሳሽ ምን ይዞ ይወራረዳል? ቁራኛ አለ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ለመድረክ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የሐሰት ከሳሹ ከከሰሰው ሰው ጋር ታስሮ ሌሊት ሲያስለው፣ ውሃ አቀብለኝ ሲለው አስቡት። ሌባ ሻይም አለ። አንድ ልጅ አስካሪ ነገር አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል፤ ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ይህን ከጻፋችሁ ከልጁ ይልቅ ገመዱን የያዘውን ሰው ተከተሉ። ገመድ ይሳባል።

በደርግ ዘመን ላይ የምትጽፉ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ሹማምንትና የጦር መኮንኖች፣ ያለ ፍርድ ተገድለዋል። ይህን ወስዶ የችሎት ትዕይንት ማድረግ ለገዳዮቹ ያልነበራቸውን ችሎት ማበደር ነው። ችሎት የሌለበትን ነገር ችሎት እንደሌለበት ጻፉት። የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ግን ነበር፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰው የ1967ቱ አዋጅ ነው ያቋቋመው። ዳኞቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። እኔ አስካለን እዚያ ያቆምኳት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚፈርድባት ሰው ትናንት «ስኳር መጥቷል ወይ?» ብሎ የጠየቃት ጎረቤት ነው።

የቅርብ ጊዜ ከሆነ ሁለት ቁጥሮች ይበቋችኋል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ለፖሊስ ምርመራ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። «በእያንዳንዱ ጊዜ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስምሩባቸው። መርማሪው ይቀርባል፤ «ቀሪ ምስክር አለኝ፣ ተጨማሪ 14 ቀን» ይላል፤ ይፈቀዳል። ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ፣ ቃል ሳትለውጡ ድገሙት። የሚለወጠው የተከሳሹ ሸሚዝ ብቻ ይሁን፤ መጀመሪያ ንጹሕ፣ ቀጥሎ የተጨማደደ፣ ከዚያ ከሌላ ሰው የተዋሰው፣ የሚሰፋው። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ሕግ አልጣሰም የሚል ሰው ሊከራከራችሁ ይችላል፤ ሰውየው ግን ከስቷል።

ቃሉ ላይ ሥሩ

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ድራማ የታደለ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን ያባክኑታል። አንድ ችሎት ውስጥ ማን «እርስዎ» እንደተባለ፣ ማን «አንተ» እንደተባለ ከተከታተላችሁ ፍርዱን ሳይነበብ ታውቁታላችሁ። ዳኛው ከሳሹን «እርስዎ ያዩትን ይንገሩን» ይለዋል፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን ተከሳሽ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይለዋል። ከዚህ የከፋው መካከል ላይ መለወጡ ነው። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ፣ አንድ ወረቀት ካነበበ በኋላ «አንቺ» ያላትን ሴት አስቡ። ታሪኩ የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው፤ ምንም ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ባለቤት የሌላቸውን ግሦችም ሰብስቡ። «ተደርሶበታል።» ማን ደረሰበት? «ታምኖበታል።» ማን አመነ? «ሆኖ ተገኝቷል።» ማን አገኘው? እኔ ለዓመታት እነዚህን ስተይብ ኖሬ ጣቴ ለምዶት ነበር። የሐሰት ክስ የሚጽፍ ሰው ራሱን የሚሸሽገው በእነዚህ ውስጥ ነው። ተከሳሻችሁ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ማን ደረሰበት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ችሎት አትድፈር» ይሁን።

እንደ ጸሐፊ የተማርኩትን ትልቁን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የምስክር ቃል በእጅ በሚመዘገብበት ችሎት ምስክሩ በአፉ የሚናገረውና ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ምስክሩ ግንባሩን እያሻሸ «መሽቶ ነበር… እርሱ ይመስለኛል… በቁመቱ» ይላል። ወረቀቱ «በዕለቱ ተከሳሹን አይቼዋለሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፤ መዝጋቢው ቸኩሎ፣ ወረፋ በዝቶ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነው። ክፋት ሲጨመርበት ግን ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ የለም፤ ከ«ይመስለኛል» ወደ «አይቼዋለሁ» ለመሄድ አንድ ብዕር ይበቃል። በእኔ ድራማ ይህ እንዲህ ሆኖ ይታያል፦

ሰብሳቢ፦ ስኳሩን የት አደረግሽው?

አስካለ፦ የቱን ስኳር?

ሰብሳቢ፦ ጥያቄ በጥያቄ አይመለስም። ጓድ ጸሐፊ፣ «ተከሳሿ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ብለህ ጻፍ።

አስካለ፦ ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ እኮ የቱ እንደሆነ ነው የ…

ሰብሳቢ፦ ተጽፏል።

አስካለ፦ የመጣው በ9 ነው። ወረቀቱ እዚህ…

ሰብሳቢ፦ ሰነድ የሚቀርበው ባለፈው ስብሰባ ነበር።

አስካለ፦ ባለፈው ስብሰባ አልተጠራሁም።

ሰብሳቢ፦ (ለጸሐፊው) «ባለፈው ስብሰባ አልቀረበችም።»

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዩት። «የት አደረግሽው?» የሚለው ጥያቄ ስኳሩን እንደወሰደች አስቀድሞ ጨርሶታል፤ በየትኛውም መንገድ ብትመልስ ትጠመዳለች። የመጨረሻውን ደግሞ እዩት። «አልተጠራሁም» ያለችው «አልቀረበችም» ሆኖ ተጻፈ። ውሸት ነው እንዳትሉ አልቀረበችም። ይህን ክፍል ስጽፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ ሰብሳቢውን ረጅም የማስፈራሪያ ንግግር አሸክሜው ነበር። ንግግሩን አውጥቼ «ተጽፏል» ስል ተወጠረ።

የጉልበተኛው እጅ

ሰብሳቢውን የተጫወተው ልጅ መጀመሪያ ላይ ካልጮኽኩ አለ። ብርቱካን ሰጠሁት። «ጠቅላላ ትዕይንቱን ይህን እየላጥክ ተጫወት፤ ልጣጩ እንዳይበጠስብህ» አልኩት። ዓይኑ ብርቱካኑ ላይ ሆኖ «ተጽፏል» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። ለገጸ ባሕርያችሁ እጁ የሚሠራው ሥራ ስጡት፤ ከሰውየው ሕይወት የሚበልጥበት ሥራ።

የሚፈራውም ሰው ይኑረው። የእኔ ሰብሳቢ ከፍተኛውን ይፈራል፤ ከቀበሌ በላይ ያለው መሥሪያ ቤት «በዚህ ወር ስንት አሻጥረኛ አጋለጣችሁ?» ብሎ ደብዳቤ ልኳል። እርሱም በደልኩ ብሎ አያስብም፤ አብዮቱን እያገለገለ፣ በዚያውም የሚስቱን ወንድም እየረዳ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ሌሊቱን ደህና ይተኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሦስተኛውን የሸንጎ አባል ነው። ሽማግሌ ናቸው። የመረከቢያውን ሰነድ አይተዋል፤ 9 ቁጥርን ያውቃሉ። ምንም አይሉም። መካከል ላይ አስካለን «ልጄ፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ይሏታል። በጠቅላላ ድራማው ሌላ ቃል የላቸውም። ተመልካቾች ከሰብሳቢው ይልቅ በእርሳቸው ሲናደዱ ሰምቻለሁ፤ አንዲት ሴትማ ከትዕይንቱ በኋላ ተዋናዩን ኮሪደር ላይ ይዛ «ለምን አልተናገሩም?» አለችው።

በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ ከወንበር ሆናችሁ አታገኙትም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስልካችሁን ዘግታችሁ ገብታችሁ ኋላ ተቀመጡ። ሙግቱን ለመረዳት አትድከሙ። እጅ እዩ፣ ጫማ እዩ፣ ስሙ ሲጠራ ማን እንደሚነሣና ማን እንደሚዘገይ እዩ። ያያችሁትን የእውነት ሰው ግን በስሙ፣ በሰፈሩና በሥራው አትጻፉት፤ ሐሰተኛ ክስን የምታወግዙበት ድራማ ስም በማጥፋት እንዳያስከስሳችሁ።

አወጣጡ

ያልታሰበውን ምስክር እርሱት። ተከሳሹን ማዳን ከፈለጋችሁ በመጽሐፈ ሶስና እንደምትነበበው እንደ ሶስና አድኑት። ሶስናን «በአትክልት ስፍራ ከአንድ ጎልማሳ ጋር አየናት» ብለው የከሰሷት ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸው ዳኞች ነበሩ፤ ሕዝቡም ያመናቸው ሽማግሌና ዳኛ ስለሆኑ ነው። ዳንኤል ተአምር አልሠራም። ምስክሮቹን ለያየና ለየብቻ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። መዳኛው ከሰማይ አልወረደም፤ ቀድሞ መደረግ የነበረበት የምርመራ ሥርዓት ነው። ተመልካች እንዲህ ያለውን መዳን ያምናል፤ ዛፉን ግን ቀደም ብላችሁ ትከሉት፤ የአትክልት ስፍራውን ሳታሳዩ ስለ ዛፍ አትጠይቁ።

እኔ አስካለን አላዳንኳትም፤ አላሰርኳትምም። ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱም ዋሾ ሆኑብኝ። የእኔው መዝገብ የተገኘው ከስምንት ወር በኋላ፣ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያዎች ሥር ነው። «የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ። ማን እንዳነሣው አይልም። እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሚቀጥለውን ቃለ ጉባኤ መተየብ ቀጠልኩ። የአስካለን መጨረሻ ያገኘሁት ያን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቼ ድጋሚ ሳነበው ነው።

ሱቁ ነው። ሰልፍ አለ። የሰብሳቢው የሚስት ወንድም ነጭ ሽርጥ አድርጎ ከሚዛኑ ኋላ ቆሟል። አስካለ ተራዋ ይደርሳል።

ሻጭ፦ ካርድ።

ትሰጠዋለች። ስኳሩን ይመዝናል፤ ወረቀቱን ሊጠቀልል እጁን ሲያነሣ አስካለ የሚዛኑን መርፌ ታያለች። እርሱም እያየች መሆኗን ያያል። ከኋላዋ ያሉት ሽማግሌ ያስላሉ።